ጠቅ ጠቅ ብሎ እምቢ ሲል

ኒው ሀልፋ የአስዋን ግድብ ውሃ ከዋዲ ሀልፋ ያስነሳቸው ኑብያውያን እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሰፈሩባት ከተማ ናት። እንደ አዲስ ጎጆ መቀለስ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እነሱም እኛም ያልለመድነው ሀቡቡን ነው። አቧራው ደብተር ውስጥ ይገባል፣ ሊጥ ውስጥ ይገባል፣ የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ላይም ይተኛል።

አምቡባ ያላቸው እናቶች «መምህር፣ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይነድም» እያሉ ይጠሩናል። ሳይንስ ስላስተማርን ሁሉን የምናውቅ ይመስላቸዋል! ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ወጥ ገንፍሎ የመለኮሻውን ነጭ ሸክላ አርሶታል፣ ወይም አቧራና ቅባት ብልጭታውን አፍኖታል። አምቡባውን ዘግተን፣ ምድጃው ሲበርድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንጠርገዋለን፣ እናደርቀዋለን፣ የእሳት ማውጫውን ክዳን በልኩ እናስቀምጣለን። በባትሪ የሚሠራ ሆኖ ሁሉም መለኮሻዎች ብልጭ ካላሉ ባትሪውን መቀየር ነው። አንዱ ብቻ ካስቸገረ ችግሩ እዚያው ነው።

እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ሌላ ነው፦ መለኮሻው እምቢ ሲል ጋዙን ከፍቶ ክብሪት ፍለጋ መሄድ። የአምቡባ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ይተኛል። ቤታችን ደግሞ ሣርና እንጨት ነው፣ ጎረቤትም ክንድ ርቀት ላይ ነው። እባካችሁ፣ ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል። ከሸተታችሁ ግን ክብሪትም መለኮሻም አትንኩ። አምቡባውን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ልጆቹን አውጡ። ሽታው ከጠፋ በኋላ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ አምቡባውን ጥቂት ክፈቱት፤ አረፋው ከተነፋ የሚያፈሰው እዚያ ነው። በክብሪት የሚፈትሹ አሉ፤ እነሱን ሰፈሩ ይገሥጽልን።