ለአማካዩ ነፋስ የተመረጠ ካይት

ከአትላንታ ተነሥቶ ታይቢ ደሴት ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል መንዳት ያስፈልጋል። ባለፈው ጥቅምት በአንድ ቅዳሜ ያን መንገድ የተጓዝኩት ለካይትሰርፊንግ ነበር። ትንበያው አማካዩ ነፋስ 15 ኖት፣ ድንገተኛው ግፊት ደግሞ 25 ኖት እንደሚሆን ይናገር ነበር። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ካይቶች ነበሩ፤ አንዱ 9፣ ሌላው 6 ካሬ ሜትር።

በስፖርቱ ዘንድ የተለመደ ግምታዊ ስሌት አለ፤ የሰውነትን ክብደት በኪሎ ወስዶ በ2.2 ማባዛት፣ ከዚያም ለነፋሱ ፍጥነት ማካፈል። ለእኔ፣ 60 ኪሎ ለምመዝነው፣ በ15 ኖት 9 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሰኛል፤ በ25 ኖት ግን ከ5 ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ሁለቱንም ቁጥር አይቼ ትልቁን መረጥኩ። ያን ያህል ነድቼ መጥቼ በደካማ ነፋስ ውሃ ውስጥ ቆሜ መዋል አልፈለግሁም። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም።

የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ነው። ፍጥነቱ ከ15 ወደ 25 ኖት ሲወጣ የካይቱ ጉተታ 2.8 እጥፍ ያህል ይሆናል። መቆጣጠሪያ ዘንጉን ከራስ በማራቅ ጉተታውን መቀነስ ይቻላል፤ ይህ ግን ወሰን አለው። እኔ ገና ከመነሣቴ ነፋሱ እየበረታ ስለነበር ዘንጉን እስከ ጫፉ ገፍቼው ነበር። ግፊቱ ሲመጣ የምገፋው አልቀረኝም። ከውሃው አንሥቶ ወረወረኝ፤ የአደጋ መልቀቂያውን ስስብ ከድንጋዩ ግድብ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ቀርተውኝ ነበር። ትከሻዬ ሦስት ሳምንት አልታዘዘኝም።

በእነዚያ ሳምንታት ያሳፈረኝ ግን ሌላ ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ስትሸጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርኩ። አማካይ ዕድገታችን ከወለዱ ስለሚበልጥ ብድሩ አያሳስብም ብዬ በልበ ሙሉነት ተከራክሬያለሁ። ስሌቴ አልተሳሳተም፤ የሠራሁት ግን ለአማካዩ ነፋስ ነበር። ወረርሽኙ፣ ጦርነቱና ድርቁ ተደራርበው ሲመጡ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ የአንድ ወር ገቢ ንግድ እንኳ የማይሸፍንበት ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ነበር። በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። በሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዚያ ጉተታ ሸክም ያረፈው ሴሚናር ላይ በተከራከርነው ላይ ሳይሆን በደመወዝተኛው ላይ ነው።

ትንሽ ካይት መምረጥ ዋጋ አለው። በኅዳር ተመልሼ በ6 ካሬ ሜትሩ ስወጣ፣ ነፋሱ ዝቅ ባለ ቁጥር ወገቤ ድረስ ሰጥሜ ጓደኞቼ ሲያልፉኝ አይ ነበር። ለድኻ አገርም መጠበቅ ነፃ አይደለም፤ ያልተሠራ መንገድና ያልተከፈተ ክሊኒክ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሹን እንምረጥ አልልም። ሁለቱ ስሕተቶች ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ቀኑን ያባክናል፣ ሌላው ግድቡ ላይ ይጥላል።

አሁን የዕዳ ሪፖርት ሲደርሰኝ አማካዩን ትቼ በመጀመሪያ የምፈልገው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ሁለተኛ ቁጥር ከሌለው፣ ጸሐፊው ለየትኛው ነፋስ እንደመረጠልን አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ጽፌ ነበርና።