ጊዜው ስላለፈበት ፊልምና ስለ ደብዛዛ ከዋክብት

አንባቢ ሆይ፤ በፊልም ሣጥን ላይ የታተመው ቀን ባለፈ ጊዜ ብዙ ሰው ፊልሙን ከጥቅም ውጭ እንደ ሆነ ቈጥሮ ይጥለዋል። ነገር ግን የፊልም ዕድሜ የሚለካው በዓመት ብቻ አይደለም፤ በተቀመጠበት ስፍራም ጭምር ነው እንጂ።

ለዚህም ታላቅ ምስክር አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ስዊድናዊው አንድሬ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በአየር ፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሥቶ በዚያው ቀረ። በ1930 ዓ.ም. ዐፅማቸውና ፊልማቸው በአንዲት በረዷማ ደሴት ላይ ተገኘ፤ 33 ዓመት በብርድ የኖረው ፊልም በታጠበ ጊዜ 93 ሥዕሎች ዳኑ።

በባሮ ዳር በምትገኘው በማታር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አገሩ ቆላ ነውና ፊልም ፈጥኖ ይጐዳል። ፊልም የብር ጨው ከጄላቲን ጋር ተቀብቶበት የሚሠራ ነው፤ ሙቀት የበዛበት እንደ ሆነ ብርሃን ያልነካው ክፍል እንኳ በመድኃኒት ሲታጠብ ይጠቍራል። ይህ ጭጋግ እንደ ሲርየስ ያለውን ብሩህ ኮከብ አይሸፍነውም፤ ደብዛዛዎቹን ግን አስቀድሞ ይውጣቸዋል።

ስለዚህ ቀኑ ያለፈበትን ፊልሜን አሽጌ በማቀዝቀዣ አኖራለሁ። ባወጣሁትም ጊዜ ከአየሩ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ድረስ እሽጉን አልፈታም፤ ያለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ከዚያም ጥቂት ቈርጬ ብርሃን ሳላሳየው አጥባለሁ፤ የጭጋጉን መጠን በዚህ ዐውቃለሁ። ሌሊት ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ፣ በማታር ሰማይ ከአድማስ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ወደሚለው ወደ ሰሜን ኮከብ አቀናዋለሁ፤ ከዋክብቱም በዙሪያው ሲዞሩ በፊልሙ ላይ ቅስት ይሥላሉ።

ብርድም ቢሆን ሁሉን አይከለክልም። ከጠፈር የሚመጣው ረቂቅ ጨረር ማቀዝቀዣውን አልፎ ይገባል፤ ብርሃን ፈጥኖ የሚቀበለውንም ፊልም አስቀድሞ ያጠቃዋል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ለማቈየት ብርሃንን ቀስ ብሎ የሚቀበለው ፊልም ይሻላል።

የከዋክብት ተመልካቾች ይወዱት የነበረውን ቴክኒካል ፓን የተባለውን ፊልም ኮዳክ በ2004 ዓ.ም. ማቋረጡን አስታውቋል፤ የተረፈው ሰው ጠብቆ ያኖረው ብቻ ነው። ብራናን ከእርጥበትና ከብል የሚጠብቅ ካህን የዚህ ነገር ትርጉም አይጠፋውም፤ የሚደክመው ስለ ቆዳው ሳይሆን በላዩ ስለሚነበበው ነውና። ፊልምንም በብርድ የምናኖረው ስለ ደብዛዛዎቹ ከዋክብት ነው፤ ብሩሆቹስ ያለ እኛ ትጋት ይታያሉ።