እርጥቡን እህል ከላይ



ታናሽ ወንድሜ በከሚሴ ከተማ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጠግናል። የጨፋን ሸለቆ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ሥራ ተፈላጊነት አይጠፋውም። በበጋ ከቦርከና ወንዝ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ፣ ሞተሩ ሲቆምበት ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ዳሩ ግን የወንድሜ መሥሪያ ቤት ከደሴው አስፋልት ገባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል በመሆኗ፣ ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያውቃት አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም. በጋ «በኢንተርኔት እናስተዋውቅህ» አልኩት። መምህር ስለሆንኩ ነገሩ አልከበደኝም፤ በአንድ ምሽት የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ያለ ምንም ክፍያ ከፈትኩለት። ነገር ግን የቆርቆሮዋ ክፍል አሳፈረችኝ። ስለዚህ ከኢንተርኔት የአንድ ትልቅ የውጭ አገር ጋራዥ ፎቶግራፍ አውርጄ ለጠፍኩ፤ ከሥሩም «ማንኛውንም ሞተር በአንድ ቀን ጠግነን እናስረክባለን» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ «ይሄ እኮ የእኛ አይደለም» ቢለኝ፣ «ማስታወቂያ ሁሉ እንዲህ ነው» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ አባት ከሰንበቴ በኩል ሞተራቸውን በመኪና አስጭነው መጡ። ማስታወቂያውን በስልክ ያሳያቸው ልጃቸው ነበር። የተሰበረው ዕቃ በከተማችን ስላልተገኘ ከኮምቦልቻ እስኪመጣ አራት ቀን ፈጀ። እስከዚያው የሽንኩርት ችግኛቸው ደረቀ። የጥገናውን ዋጋ ብንተውላቸውም ችግኙን አልመለሰላቸውም። ሲሄዱ የተናገሩት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ልጄ፣ አራት ቀን መሆኑን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ከጎረቤት ሞተር እለምን ነበር።»

ያን ሌሊት በመድረሳ የቀራሁት ሐዲስ ትዝ አለኝ። ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ከውስጡ ቢያስገቡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑንም ነገሩት። ሐዲሱን ለሌሎች ሳስተምር ኖሬ በራሴ ላይ አላየሁትም ነበር።

እህት ወንድሞቼ! በሰንበቴም ሆነ በባቲ ገበያ ገዢው እጁን ከእህሉ ውስጥ ሊሰድ ይችላል። በስልክ መስታወት ላይ ግን አይችልም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ቀብድ ሳይተያዩ መላክ ቀላል ሆኗል። ስለዚህ እርጥቡን ከላይ የማውጣቱ ኃላፊነት ከገዢው ይልቅ በሻጩ ላይ ይከብዳል።

እኛም የውሸቱን ፎቶግራፍ አንስተን የቆርቆሮዋን ክፍል አደረግን። የምንጠግናቸውንና የማንጠግናቸውን ሞተሮች ለይተን ጻፍን። የእጅ ዋጋውን፣ የሥራ ሰዓቱንና ቦታውን በካርታ አመለከትን። «መለዋወጫ ከጠፋ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ስለሚችል ከመምጣትዎ በፊት ይደውሉ» የሚለውን ከሁሉ በላይ አስቀመጥን። ማንበብ ለማይችሉም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በድምፅ ቀድተን ላክን።

እውነቱን ለመናገር የሚደውለው ሰው መጀመሪያ ቀነሰ፤ የመጣው ግን አውቆ መጣ፤ ረክቶም ሌላውን ላከ። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ቻናላችን ዝም አለ። የወንድሜ ሥራ ግን አልቆመም፤ ቀድሞ የረካው ሰው በአፉ ያስተዋውቀው ነበርና።

ፀጉር አስተካካይም ሁኑ ልብስ ሰፊ፣ ሥራችሁን በኢንተርኔት ከማሳወቅ ወደ ኋላ አትበሉ። ኢንተርኔት ድምፃችሁን በአንድ ምሽት ከሰንበቴ ያደርሰዋል፤ የሚያደርሰው ግን የሰጣችሁትን ነው፤ ውሸትም ከሰጣችሁት ሳይለይ ያደርሰዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የአንድ ገበሬ ችግኝ ሊደርቅ ይችላል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።