የመናኸሪያ አጠገብ አልጋ

ከጮሌ ለጉዳይ የሚወጣ መንገደኛ አልጋ የሚይዘው መናኸሪያ አጠገብ ነው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ የአርሲ ደጋ ብርድ በዚያ ሰዓት ፊት ይገርፋል፤ ዕቃ ተሸክሞ ከከተማ ማዶ ከመገሥገሥ የረዳቱን ጩኸትና የሞተሩን ጭስ ታግሦ ማደር ይቀላል። አሰላም ይሁን የአዲስ አበባው አውቶቡስ ተራ፣ ሕጉ አንድ ነው፤ የሚታየው የክፍሉ ማማር ሳይሆን የበሩ ለመንገድ መቅረብ ነው።

ስለዚህ በጮሌ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት መምህር፣ ቦሎኛ የምትኖረው ልጃቸው ለሦስት ቀን ሮማን ላሳይዎት ባለቻቸው ጊዜ፣ በሆቴሉ ቦታ ላይ ክርክር ይነሣል ብለው አላሰቡም። ልጅቱ በስልክ የነገረቻቸው ሁሉ ከመናኸሪያው ሕግ ጋር የሚስማማ ነበር።

«አባባ፣ ተርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ብንይዝ ይሻላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሣው ፈጣን ባቡር በ32 ደቂቃ እዚያ ያወርድዎታል። የምድር ውስጥ ባቡሮቹ ሁለቱ ዋና መስመሮች የሚገናኙትም እዚያ ነው። እኔም ከቦሎኛ ስመጣ የምወርደው እዚያው ነው። እንጀራ ቢያምርዎት እንኳ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች በዙሪያው አሉ። ኪስዎን ብቻ ይጠብቁ።»

«መልካም ነው፣ ልጄ። አልቤርጎ መቼም መናኸሪያ አጠገብ ነው» አሉ መምህሩ።

አልቤርጎ ያሉት ቃል ራሱ ከኢጣሊያ የመጣ ነው። ፌርማታም፣ ፒያሳም፣ መርካቶም እንዲሁ። ጦሩ ተባርሮ ሲሄድ ቃላቱ ቀርተዋል፤ ከጮሌ ወጥቶ የማያውቅ ሰው እንኳ የሮማን መንገድ ምልክት በከፊል ያነባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተርሚኒ የሚለው ስም ግን ብዙ መንገደኛ እንደሚመስለው የጉዞ ማብቂያ ማለት አይደለም። ዘመነ ሰማዕታት የሚቆጠርበት ዲዮቅልጥያኖስ በዚያ ካሠራው ታላቅ መታጠቢያ ቤት የተወረሰ ነው።

ለቪዛው ማመልከቻ የማረፊያ አድራሻ መጻፍ ስለሚያስፈልግ፣ ልጅቱ የሆቴሉን አድራሻና የአካባቢውን ካርታ ላከች። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ ፒያሳ ዴይ ቺንኵዌቼንቶ ይባላል።

«ቺንኵዌቼንቶ ምንድን ነው?»

«አምስት መቶ ማለት ነው፣ አባባ። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ።»

«የትኞቹ አምስት መቶዎች?»

ልጅቱ ስንት ጊዜ በአደባባዩ አልፋ ጠይቃ አታውቅም ነበር። መምህሩ ግን ወዲያው ጠረጠሩ፤ ጥርጣሬያቸውም ልክ ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የኢጣሊያ ጦር ቁጥሩ አምስት መቶ ያህል ነበር። ሮማ ለሞቱባት ወታደሮች በዚያው ዓመት ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት አቆመች፤ አደባባዩንም በእነርሱ ስም ጠራች። ሐውልቱ ዛሬ ከጣቢያው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በዛፎች መካከል ይገኛል።

መምህሩ ዶጋሊን ያላስተማሩበት ዓመት አልነበረም። ልጃቸውም ከእርሳቸው ክፍል ተቀምጣ ተምራዋለች። ድል የተመታው ወገን ሽንፈቱን አደባባይ አድርጎ እንደሚኖርበት ግን ለተማሪዎቻቸው ነግረው አያውቁም፤ መማሪያ መጽሐፉ ጦርነቱ ካለቀበት ያበቃልና። ያን ሌሊት ይህ አስተኛቸው ለማለት አይቻልም።

በማግሥቱ ደወሉ። «በእነዚያ ስም በተጠራ አደባባይ ላይ አላድርም። ፖርታ ካፔና አጠገብ ፈልጊልኝ።»

ምርጫው የታሪክ አስተማሪ ምርጫ ነበር። ፋሺስቶች የዘረፉት የአክሱም ሐውልት፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ቆሞ የኖረው በፖርታ ካፔና ነው። አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ በዚያ ሐውልት አጠገብ አልፏል።

«ከተርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡር ሦስተኛው ፌርማታ ነው» አለች ልጅቱ። «ሄደን እናየዋለን። ማደሪያው ግን ይራራቅብናል፤ ዋጋውም ይወደዳል።» ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «የአደባባዩን ስም ያላነበብሁት አንገቴን ደፍቼ ስለማልፍ ነው፣ አባባ። በነሐሴ 2009 ከጣቢያው አጠገብ ካለ ሕንፃ ስምንት መቶ ያህል ስደተኞች ተባረሩ፤ የሚበዙት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የቀሩት ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ሜዳ ሲያድሩ ፖሊስ በውሃ ግፊት በተናቸው። እኔ ያን ሳምንት ብርድ ልብስና ዳቦ ይዤ ከቦሎኛ መጥቼ ነበር። እርስዎ የሞቱትን አምስት መቶ ይቈጥራሉ፤ እኔ እዚያ ቦታ ስደርስ የሚታየኝ አልጋ ያጣው ወገናችን ነው።»

ኢንዲፔንዴንሳ ነጻነት ማለት መሆኑን መምህሩ ሳይነገራቸው ገብቷቸዋል። ብርድ ልብሱንም ያን ቀን ነው የሰሙት፤ ልጃቸው እስከዚያ ድረስ ለቤተ ሰቦቿ የምትናገረው የምሥራቹን ብቻ ነበር።

ከረጅም ዝምታ በኋላ ስለ ዘርዓይ ድረስ ጠየቁ። ፋሺስቶች ከለገሃር የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት ከዚያው ከዶጋሊ ሐውልት ሥር ነበር። ኤርትራዊው ወጣት ጎራዴውን መዝዞ በቁጣ የተነሣው በ1930 ዓ.ም. በዚያ አንበሳ ፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጻ ሳይወጣ በ1937 ዓ.ም. ኢጣሊያ ውስጥ ሞተ። አንበሳው ኋላ ወደ ለገሃር ተመልሷል።

«ሐውልቱ ከሆቴሉ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?»

«ለእርስዎ እግር? አሥር ቢሆን ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ያዢ። አንቺ ባለፍሽበት በኩል እንሄዳለን፤ ያደሩበትንም ሜዳ ታሳዪኛለሽ።»

አድራሻውን በማመልከቻው ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ ቺንኵዌቼንቶ የሚለው ረጅም ቃል ከመስመሩ ስላለፈ ጫፉን ወደ ታች አጠፉት። ልጅቱ የክፍሉን ዓይነት ብትጠይቃቸው ስለ መስኮቱም ስለ አልጋውም አልተጨነቁም። የሆቴሉ በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ብቻ ጠየቁ፤ ገና ሳይነጋ መውጣት ይፈልጉ ነበርና።