የቀዛፊዎቹ ወንዝ

መጋቢት 18፣ ለንደን

ከሥራ ስወጣ በፑትኒ በኩል ዞሬ መጣሁ። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች ለዘንድሮው ውድድር ቴምስ ላይ ይለማመዳሉ። በየጀልባው ስምንቱ ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት ሰጥተው ይቀዝፋሉ፤ መንገዱን የሚያየው ከበስተኋላ ተቀምጦ መሪውን የያዘው ዘጠነኛው ብቻ ነው። ውድድሩን በ1829 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የጠነሰሱት ሐሮው ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ ሁለት ወጣቶች፣ የካምብሪጁ ቻርልስ ሜሪቬልና የኦክስፎርዱ ቻርልስ ወርድስወርዝ ናቸው። ሄንሊ ላይ ገጠሙ፤ ኦክስፎርድ አሸነፈ።

መጋቢት 19

ስለዚያ ዘመን ተማሪዎች ሳነብ አመሸሁ። ጠዋት ጸሎት ቤት፣ ቀጥሎ ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ወንዝ። ለውድድር የተመረጠ ሰው ምግቡ ሳይቀር በሕግ ነበር፤ ለብለብ ያለ የበሬና የበግ ሥጋ ይበላል፣ የሚጠጣው ግን ይመጠንበታል።

ልቤን የሳበው የኮሌጆቹ የእርስ በርስ ውድድር ነው። የካምብሪጁ ካም ወንዝ ጠባብ ስለሆነ ጀልባዎች ጎን ለጎን መሽቀዳደም አይችሉም። ስለዚህ በመካከላቸው ክፍተት ትተው አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉ። መድፍ ሲተኮስ ሁሉም እኩል ይነሣል፤ እያንዳንዱ የፊተኛውን ለመንካት፣ ከኋለኛውም ለማምለጥ ይቀዝፋል። የነካና የተነካ ዳር ይይዛሉ፤ በማግስቱ ቦታ ተለዋውጠው ይሰለፋሉ። የዘንድሮው መጨረሻ ለከርሞ መነሻ ይሆናል። አዲስ ገቢው ተማሪ እንግዲህ የሚነሣው ከእሱ በፊት የነበሩት ካቆዩለት ቦታ ላይ ነው። ተማሪን ከኮሌጁ ጋር እንዲህ አጥብቆ የሚያስተሳስር ጨዋታ ያለ አይመስለኝም።

መጋቢት 21

ቀዘፋ ልብን ይጎዳል የሚል ክርክር በጊዜው በርትቶ ነበር። በ1867 ቀዶ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ስኬይ በታይምስ ጋዜጣ ላይ አስጠነቀቀ። ሌላው ሐኪም ጆን ኤድዋርድ ሞርጋን፣ እሱም ቀዛፊ የነበረ፣ ከ1829 እስከ 1869 በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የቀዘፉትን ሰዎች ጤና ተከታትሎ በ1873 መጽሐፍ አወጣ፤ ዕድሜያቸው ከተጠበቀው እንደሚረዝም ጻፈ። ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠግበው የበሉ፣ በሞቀ ቤት ያደጉ ነበሩ። ዕድሜ የሰጣቸው መቅዘፊያው ብቻ ነው ማለት ይከብደኛል።

መጋቢት 22

ዛሬ ያነበብኩት አናዶኛል። ተማሪዎቹን መጀመሪያ ላይ ካሠለጠኗቸው መካከል በቴምስ ሰው እያሻገሩ የሚተዳደሩ ጀልበኞች ነበሩበት። ከጀልባው ጎን ወጥቶ መቅዘፊያውን የሚደግፈውን ብረት ካሻሻሉት አንዱ የኒውካስሉ ሃሪ ክላስፐር ነው፤ በልጅነቱ ከሰል ማውጫ ውስጥ የሠራ፣ በኋላም ጀልባ ሠሪ የሆነ ሰው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በ1846 እንዲህ ያለ ብረት ባለው ጀልባ ተወዳደሩ። በ1857 ኦክስፎርድ ያሸነፈበትን ጀልባም የሠራው የኒውካስሉ ማት ቴይለር ነበር።

በ1879 ደግሞ ሄንሊ ላይ የሚካሄደው ሌላው የቀዘፋ ውድድር አዘጋጆች በደሞዝ የሠራ መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያ ወይም የጉልበት ሠራተኛ አማተር ሆኖ መወዳደር አይችልም ብለው ደነገጉ። ተማሪው በጉልበቱ ዋንጫ ሲያነሣ፣ በዚያው ጉልበት እንጀራውን የሚያገኘው ሰው ከመስመሩ ተከለከለ። ግፍ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ደንቡ ከሄንሊ የተነሣው በ1937 ነው።