ከታች ያረረው ድፎ

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ እናቴ ለኤሌክትሪክ ምድጃዋ የዳቦ መጋገሪያ እንድገዛ መርካቶ ላከችኝ። ይቺን ማን ይሳሳታል ብዬ ጥቁርና ስስ የላሜራ መጋገሪያ በርካሽ ገዛሁ፤ በተረፈኝ ብር መጽሐፍ ሸመትኩ። ምን ዋጋ አለው! ድፎው ከታች አረረ፣ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ እናቴ «ምድጃው ነው» አለች እንጂ እኔን አላጋለጠችም።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ጥቁር ብረት የምድጃውን ግለት አብዝቶ ይስባል፤ ከሳሳ ደግሞ ሙቀቱን ሳያዳርስ እሳቱ ያረፈበትን ያሳርራል። አሉሚኒየም ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋልና ወፈር ያለው ዳቦውን እኩል ያበስላል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮማ ጭራሽ አይሆንም፤ የቦካ ሊጥ ይኮመጥጣልና ዚንኩን ያሟሟዋል። ድሮስ እናቶቻችን ከድፎው ሥር ኮባ የሚያነጥፉት ለጌጥ ብቻ መሰላችሁ?

በሳምንቱ እናቴ ራሷ ሄደች፤ እኔም ተከተልኩ። ሻጩ የሚያብለጨልጨውን ሲያሳያት እሷ እያነሳች በእጇ መዘነች፣ በአውራ ጣቷ ተጫነች፣ ያልጎበጠላትን መረጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ እውነትና ስለ ገጽታ ስማር የከረምኩት እኔ ግን የመዘንኩት ዋጋውን ብቻ ነበር።

አፌን ይዤ መጋገሪያውን ተሸከምኩላት።