ለልጄ፣ ሰርቨር ክፍል ከመግባትሽ በፊት



እናትሽ ስንቅሽን ቋጥራ ጨርሳለች። የእኔ ስንቅ ይህ ደብዳቤ ነው፤ በቃል ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ እንደምታልፊው ስለማውቅ በጽሑፍ አደረግሁት። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዕቁብና ስለ ሰው አያያዝ እሷ የነገረችሽ ይበቃሻል። እኔ የምጽፍልሽ ሁለታችንም እንጀራ ስለምንበላበት ስለ ተርሚናሉ ነው።

ነገሬ አንድ ነው፦ ትዕዛዝ ሲጠፋሽ ከሰውም ከኢንተርኔትም በፊት ማሽኑን ጠይቂው። ‹ማን› ብለሽ የትዕዛዙን ስም ስታስከትዪ የሚመጣልሽ ገጽ እዚያው ከተጫነው ፕሮግራም ጋር አብሮ የገባ ነው። ጎግል የሚያሳይሽ የሌላ ሰው ማሽን፣ የሌላ ዘመን ቨርዥን ሊሆን ይችላል። ቻትጂፒቲም ቢሆን የሌለ ኦፕሽን ዐይኑን ሳያሽ የሚነግርሽ ጊዜ አለ። አጎትሽ ከአሜሪካ የላከልሽን ማክ ተመልከቺ። ‹ሴድ› ፋይሉን እዚያው እንዲያርም ‹ሰረዝ አይ› ስትሰጪው ሊኑክስ ላይ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ማክ ላይ ግን በመጠባበቂያ ቅጂው ስም መጨረሻ የሚለጠፈውን ቅጥያ ካልነገርሽው አይሆንም። ቢሮ የሠራ መስመር ቤት እምቢ የሚለው በእንዲህ ዓይነቱ ምክንያት ነው። ሁለቱም ላይ ‹ማን ሴድ› ብትዪ የተለያዩ ገጾች ታገኛለሽ፤ እያንዳንዱም ስለራሱ ማሽን ትክክል ነው።

በሰኔ 2012 ዓ.ም ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ በየቢሮው ያሉት ሰርቨሮች ጠባቂ መፈለጋቸውን አላቆሙም ነበር። ዲስክ ላይ ያለ ማንዋል ኔትወርክ አይፈልግም።

ማንዋል የመጻፍ ልማዱ የቆየ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በሚገኘው ቤል ላብስ ዩኒክስን ሲሠሩ የመጀመሪያው የፕሮግራመሮች ማንዋል የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። ያኔም ገጾቹ ላይ ‹በግስ› የሚል ክፍል ነበረ፤ ሠሪው ራሱ «እዚህ ላይ ጉድለት አለበት» ብሎ የጻፈበት። ዛሬም ብዙ ገጾች ወደ መጨረሻቸው ገደማ ይህ ክፍል አላቸው። እኔ ከዚያ ብትጀምሪ እመርጣለሁ፤ አብዛኛው ሰው ግን እዚያ ሳይደርስ ይወጣል።

ገጹ የሚከፈትልሽ ‹ሌስ› በሚባለው ማሳያ ነው። ስፔስ አንድ ስክሪን ወደ ፊት፣ ‹ቢ› አንድ ስክሪን ወደ ኋላ፣ ትንሿ ‹ጂ› ወደ ራስጌው፣ ትልቋ ‹ጂ› ወደ ግርጌው፣ ‹ኪው› መውጫ። ይህን ጣትሽ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ሙያው ያለው ፍለጋው ላይ ነው። ስላሽ ተጭነሽ ቃሉን ጽፈሽ ኢንተር በዪ፤ ትንሿ ‹ኤን› ወደሚቀጥለው፣ ትልቋ ‹ኤን› ወደ ቀደመው ትወስድሻለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ‹ማን ኤልኤስ› ከፍተሽ ሰረዝ አር ምን እንደሚሠራ ልታዪ ፈለግሽ እንበል። ስላሽ፣ ሰረዝ፣ አር ብለሽ ብቻ ብትፈልጊ ‹ኤን› ስትጫኚ ትቆያለሽ፤ እንደ ‹ሪከርሲቭ› ያሉት ረዣዥም ኦፕሽኖችም በሰረዝና በአር ይጀምራሉና። ከስላሹ ቀጥሎ ቁጥር 6 ላይ ያለችውን የኮፍያ ምልክት ጻፊ፤ ከዚያ ስፔስ፣ ከዚያ ኮከብ፣ ከዚያ ሰረዝ አር። «በመስመሩ መነሻ ላይ፣ ከባዶ ቦታ በቀር ምንም ሳይቀድመው የተጻፈውን አምጣልኝ» ማለትሽ ነው። ኦፕሽኑ የተብራራበት ቦታ ላይ ያወርድሻል። ግን ልብ በዪ፦ በብዙዎቹ ሊኑክሶች ‹ማን› ገጹን የሚከፍተው ፍለጋው ትንሽና ትልቅ ፊደል እንዳይለይ አድርጎ ስለሆነ ትልቁ አርም አብሮ ይመጣል፤ አንቺ ራስሽ በትልቁ ስትጽፊ ግን ይለያል። ገጹ በጣም ሲረዝምብሽ ደግሞ ቁጥር 7 ላይ ያለችውን ምልክት ተጭነሽ ቃል ስጪው፤ ቃሉ ያለባቸውን መስመሮች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይደብቅልሻል። ይህችን ለዓመታት ሊኑክስ ላይ የኖሩ ሰዎች እንኳ አያውቋትም።

ከላይ ያለው የአጠቃቀም መስመር አያስፈራሽ፦ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቢቀር ይቀራል፣ ሦስት ነጥብ ያለው ይደጋገማል፣ ቋሚ መስመር «ከእነዚህ አንዱን» ይልሻል።

ገጾቹ በቁጥር የተከፋፈሉ ናቸው። 1 ማንም የሚጠቀምባቸው ትዕዛዞች፣ 5 የፋይሎች አጻጻፍ፣ 8 የአስተዳዳሪው ትዕዛዞች፤ 6 ጨዋታ ነው፣ እሱን እረፍት ስትወጪ። ቁጥሩን አለማወቅ ሰውን ያንገላታል። ሥራን በቀጠሮ ሰዓት ስለሚያስኬደው ክሮን ለማወቅ ‹ማን ክሮንታብ› ስትዪ ስለ ትዕዛዙ የሚያወራው አጭር ገጽ ይመጣል፤ የምትፈልጊው የፋይሉ አጻጻፍ ግን ያለው ‹ማን 5 ክሮንታብ› ውስጥ ነው። እንበልና አለቃሽ «ይህ ሥራ ወሩ በገባ በ1ኛው ቀን፣ ያውም ሰኞ ከዋለ ብቻ ይሂድ» አለሽ። የወሩን ቀንም የሳምንቱን ቀንም ሞልተሽ ጨረስኩ ትያለሽ። ገጹ ግን ወደ ታች ወረድ ስትዪ ይነግርሻል፦ ሁለቱም ሲገደቡ ከሁለቱ አንዱ ከገጠመ ሥራው ይሄዳል። ስለዚህ በየወሩ 1ኛ ቀንም በየሰኞውም ይሄዳል ማለት ነው። እዚያው ገጽ ላይ የፐርሰንት ምልክት ወደ አዲስ መስመር እንደሚለወጥም ተጽፏል። የባክአፑ ፋይል ስም ላይ ቀን እንዲለጠፍ ‹ዴት›ን ስትጠቀሚ ከእያንዳንዱ ፐርሰንት በፊት ባክስላሽ ካላኖርሽ፣ ቀን ተርሚናል ላይ ሞክረሽው የሠራው መስመር ሌሊት ክሮን ሲያስኬደው ይከሽፋል። ሰው የሚወድቀው በግልጽ በተጻፈ ነገር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኛ ሙያ ይመስለኛል።

የትዕዛዙን ስም ራሱን ካላወቅሽስ? ‹ማን ሰረዝ ኬ› ወይም ‹አፕሮፖስ› ብለሽ ቃል ስጪው። የሚያስሰው የየገጹን ስምና የአንድ መስመር መግለጫ ብቻ ስለሆነ ቃልሽ የማንዋሉ ቃል መሆን አለበት፤ ‹ፎልደር› ብለሽ ያጣሽውን ‹ዳይሬክተሪ› ብለሽ ታገኚዋለሽ። ውጤቱ ሲበዛ ወደ ‹ግሬፕ› አሳልፊው፣ ወይም ‹ሰረዝ ኤስ› ጨምረሽ የክፍሉን ቁጥር ንገሪው። አዲስ ማሽን ላይ ለየትኛውም ቃል ምንም የለም ካለሽ ማውጫው ገና አልተሠራ ይሆናል፤ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ‹ሩት› ሆነሽ ‹ማንዲቢ›ን አስኪጂ። በትልቁ ኬ ከጠየቅሽው የሁሉንም ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይበረብራል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ቡናሽን ይዘሽ ጠብቂው።

አንዳንዱ ትዕዛዝ ደግሞ ከሼሉ ጋር የተሠራ ነው። ‹ሲዲ› እንዲህ ነው፤ በ‹ማን› ፈንታ ባሽ ላይ ‹ሄልፕ ሲዲ› በዪ። የቱ የቱ እንደሆነ ‹ታይፕ› ይነግርሻል። የጂኤንዩ ሰዎች የሚወዱት ‹ኢንፎ›ም አለ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ አካሄዱን አልወደውም፣ ግን እንደ ‹ኤልኤስ› ያሉት ትዕዛዞች የሚገኙበት የኮርዩቲልስ ሰፊው ማብራሪያ ያለው እዚያ ስለሆነ ‹ማን› ሲያጥርብሽ ክፈቺው።

ይህን ስልሽ ሰው አትጠይቂ ማለቴ አይደለም። ያ ሰርቨር ለምን እንደዚያ እንደተዋቀረ፣ የትኛው ሥራ በየትኛው ሰዓት እንደማይነካ የሚያውቁት ከአንቺ በፊት የገቡት ናቸው፤ ማንዋል ውስጥ የለም። ግን ስትሄጂባቸው «ይህ ምን ይሠራል?» ብለሽ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። «ገጹ እንዲህ ይላል፣ እዚህ ግን እንዲህ ሆነብኝ» በዪ። እንዲህ ብሎ የሚመጣን ጀማሪ ሥራዬን ጥዬ አስረዳዋለሁ፤ ሌሎችም እንደዚያው ናቸው። የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ደግሞ ስልክ የሚያነሳልሽ ላይኖር ይችላል፤ በእጅሽ ያለው ደግሞ የሩት ሥልጣን ነው።

የመጀመሪያ ቀንሽ ላይ ማንዋሉ መኖሩን አረጋግጪ። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ማንዋላቸው ተቀንሶ የሚጫኑ ሰርቨሮችና ኮንቴይነሮች አሉ። ተቀንሶ በተዘጋጀው ኡቡንቱ ላይ ‹አንሚኒማይዝ› የሚባለው ትዕዛዝ ይመልሰዋል፤ የቢሮ ሰርቨር ላይ ግን ሳታስፈቅጂ እንዳትነኪው። ካልፈቀዱልሽ ያንኑ ቨርዥን ላፕቶፕሽ ላይ በቨርችዋል ማሽን ጫኚና ከዚያ አንብቢ።

እንደደረስሽ ለእናትሽ ደውዪ፣ ታስባለች። ለእኔ አትቸኩዪ፤ ‹ማን ማን› ብለሽ ያን ገጽ እስከ መጨረሻው ካነበብሽ በኋላ ትደውዪልኛለሽ።

አባትሽ